ፊታውራሪን ማን ይቀድማል

በ፲፱፻፷፱ ዓ.ም. ሃምሳ አለቃ ቢረሳው ሳምንቱን ሙሉ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን፣ የአውቶቡስ ወለል ሲያጥብ ይከርምና ቅዳሜ በማለዳ ባቡር ተሳፍሮ ጄኔቭ ይወርዳል። የሚወርደው ወታደር ሊያሠለጥን ነው። ወታደር ከተባሉ! ደርግን ሸሽተው ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ወንበር የለመዱ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ሱዳን ድንበር ላይ ደርግን ከሚዋጉት ጋር ሊቀላቀሉ ምለዋል። መማሉንማ ማን ያቅተዋል!

«ሆድም መትረየስም መሸከም አይቻልም፤ አንዱን ምረጡ!» ይላቸው ነበር፣ ኦ ቪቭ መናፈሻ ውስጥ ሣሩ ላይ አሰልፎ። በክራባት የሚመጣ አለ። ሩጫ ሲባል የሐኪም ወረቀት ከኪሱ የሚመዝ አለ። ቢረሳው ሃያ ዓመት ምልምል ያሠለጠነ ሰው ነው፤ እንደነዚህ ያለ ጉድ ግን አላየም። ናቃቸው፣ ከልቡ ናቃቸው። መናቁም ደስ ይለው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጎነብስ የሰነበተ ወገቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቃናለታል።

ሥራውን ግን ያውቃል። መጀመሪያ አስሮጦ አልገደላቸውም። አንድ ወር እርምጃ ብቻ፤ ከዚያ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፤ ከዚያ ሶምሶማውን እየጨመረ ሄደ። በስድስት ወር ትንፋሻቸው ተስተካከለ፣ ቀበቷቸው ላላ። የሩጫ ሰዓታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ቢያጣራ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከፊት የሚሮጡት የስድሳ ሁለት ዓመቱ ፊታውራሪ አስፋ ናቸው፣ እሳቸውን የሚቀድም የለም። ስምንቱም በየማዕረጋቸው ከኋላ ተሰልፈው ይከተላሉ!

ቆሽቱ አረረ። «ግብር ልትገቡ ነው እንዴ? ጥይት ሲዘንብም ‹ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ› ልትባባሉ ነው?»

«እለፉኝ እንጂ ልጆቼ» ይላሉ ፊታውራሪ፣ አፍረው።

«ኧረ አይገባም ጌታዬ!» ይላሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

ከሁሉም የባሰ የሚንቀው ከተማ የሚባለውን ነበር። ከተማ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ ወንድሙን ደርግ የረሸነበት፣ ሲሮጥ ከሩቅ የሚሰማ ወፍራም ሰው ነው። «አንተ ጋን! ወንድምህን የገደሉት አንተን ቢያዩ በሳቅ ይሞቱልህ ነበር» አለው አንድ ቀን። ከተማ ላቡን ጠርጎ ወደ ሰልፉ ተመለሰ።

በግንቦት ተዋጊዎቹን የሚመርጡት ኮሎኔል ኃይለመለኮት ከካርቱም መጡ። ሦስት ኪሎ ሜትር በሃያ ደቂቃ የሮጠ በወሩ ወደ ድንበሩ ይሄዳል፤ ያልቻለ እዚሁ ይቀራል። ቢረሳው ይህችን ቀን ሲጠብቅ ነበር። ከዚያ ወለል መገላገል፣ እንደገና ወታደር መሆን፣ ሌላ ምኞት አልነበረውም።

«አሠልጣኙም ይሮጣል» አሉ ኮሎኔሉ።

«እኔማ በአንድ እግሬም እገባለሁ!» ብሎ ሳቀ። እንደውም ለንቀት ሦስት ደቂቃ ለቀቀላቸውና ጫማውን ቀስ ብሎ ማሰር ጀመረ።

ገና ከመነሻው ከተማ ከሰልፉ ወጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅርታ ጌታዬ» ብሎ ፊታውራሪን አለፈና ነጎደ። «ኤዲያ! ያልተቀጣ!» ብለው ጮኹበት የቀሩት። ቢረሳው ተነሣ። ሰባቱን አንድ በአንድ እየሰደበ አለፋቸውና ፊታውራሪ አስፋ ጀርባ ደረሰ።

እዚያ እግሩ ታሰረ። በወጣትነቱ ፊታውራሪ አውራጃ ሲገዙ እሱ አጃቢያቸው ነበር። ሰባት ዓመት ከኋላቸው ሦስት እርምጃ ርቆ ሄዷል። አሁንም ሳያስበው ያንኑ ሦስት እርምጃ ጠብቆ ይከተላል። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ትንፋሹም ሙሉ ነው።

«ቢረሳው፣ እለፍ! ሰዓቱ እየሄደ ነው!» አሉት ፊታውራሪ እያለከለኩ።

«ኧረ አይገባም ጌታዬ!» አለ። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሲሰማው ደነገጠ፤ ቢደነግጥም አላለፋቸውም።

ተከታትለው ሲገቡ ሃያ አራት ደቂቃ ሆነ። ኮሎኔሉ ሰዓታቸውን አይተው አንድ ስም ብቻ ጻፉ፤ ከተማ።

ከተማ ላቡ ሳይደርቅ መጥቶ እጅ ነሣ። «ሃምሳ አለቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደዚያ ባይሰድቡኝ ኖሮ እኔም አላልፋቸውም ነበር።»

ቢረሳው እንዲያ ሲንቀው የከረመውን ሰው ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ ፊታውራሪን ደግፎ ወደ ትራሙ ወሰዳቸው።