ከአጥሩ ሥር የተሳለው ክብ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ "የቤት ሥራ" ብላ ወረቀት ዘረጋችልኝ። በነጥብ በተሳለው ክብ ዙሪያ ምስር እየለቀመች በሙጫ ልትለጥፍበት ነው። ምላሷን ነክሳ ስትታገል ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ብርድ ብርድ አለኝ። እኔ ይህን ትምህርት ከብዙ ዓመት በፊት እዚሁ ባሕር ዳር በጭቃ አስተምሬዋለሁ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የተመደብሁባት ባለ አንድ ክፍል መዋዕለ ሕፃናት ጓሮዋ ጣና ነው። ኅዳር ላይ ሐይቁ ሲሸሽ ከአጥራችን ማዶ ለስላሳ ጥቁር ጭቃ ይተዋል። ከሥልጠና የወጣሁ ትኩስ ነበርሁና፣ እርሳስ ከመያዛቸው በፊት ጣታቸው ይፍታታ ብዬ ልጆቹን በጭቃው ላይ በጣታቸው ክብ አስላቸው፣ በደንገል ቁራጭ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን አስገጥማቸው ጀመር። ከሐይቁ ዳር የሚጠበሰው የአምባዛ ዓሣ ሽታ ያስርበን ነበር፤ ቆሏችንን በጭቃ እጃችን እንዘግናለን። አንዲት የመሪጌታ ባለቤት ግን፣ "አንቺ ልጅ፣ ፊደል አስቆጥሪልን እንጂ፣ ጭቃ ማስቦካቱማ እቤታችንስ መቼ ጠፋ?" አሉኝ።

አንድ ሰኞ ጧት ከአጥሩ ማዶ እኛ ያልሠራነውን አየሁ። ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ ከአጥሩ ሥር በተራ ተስለዋል። መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ የክቡ ጫፍና ጫፍ አልተገናኘም። በዙሪያው አንድም የእግር ዱካ የለም።

ጥበቃችን ጋሼ አዳሙ፣ አጥሩን ተደግፋ በቆመች ጎጆ ብቻቸውን ይኖራሉ የምንላቸው ሰው፣ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"መምህርት፣ እንዳትነኪው። አምና ከታንኳ ወድቆ የሞተው ሕፃን ነው። የልጆቹን ጨዋታ ሰምቶ ይመጣል" አሉኝና በእግራቸው ደመሰሱት።

ማክሰኞም ረቡዕም እንደገና ተስሎ አደረ። ወሬ ክንፍ አለው፤ ሐሙስ ከልጆቼ ግማሾቹ ቀሩ። ኃላፊዬም በዚሁ ከቀጠለ ክፍሉ እንደሚዘጋ ነገሩኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር፤ እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርሁም። ሐሙስ ዕለት የሦስት ማዕዘኑ ጫፎች ሾለዋል። ዓርብ ክቡ ሊገጥም የጣት ስፋት ብቻ ቀርቶታል። የልጅ እጅ ሲፍታታ መስመሩ እንዴት እየጠራ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሙት ደግሞ አይማርም።

"ጋሼ አዳሙ፣ ከአጥሩ ሥር የግራር እሾህ ይከምሩበት" አልኋቸው።

ፊታቸው ተለዋወጠ። "እሾህ?"

"አዎ፣ ጥቅጥቅ አድርገው።"

እሾሁን እየጎተቱ አምጥተው ከመሩት።

ሰኞ በማለዳ ሄድሁ። ጉም ሐይቁን ሸፍኖታል፤ ወፍ እንኳ አይሰማም። ከእሾሁ ማዶ አንድ ክብ ብቻ ነበር። ጫፍና ጫፉ ገጥሟል። እሾሁ ላይ ያልደረቀ ደም አለ። ያን ጊዜ ከጋሼ አዳሙ ጎጆ ውስጥ የታፈነ ልቅሶ ሰማሁ።

በሩን ገፋሁት። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ የተቧጨረ እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ተቀምጣለች። ጣቶቿ ከተወለደች ጀምሮ የተቆለመሙ ናቸው። ከግድግዳው ግርጌ፣ በአጥሩ ሥር ወደ ጭቃው የምታወጣ፣ ክንድ የምታሾልክ ቀዳዳ ነበረች።

"ልጄ ናት" አሉ ጋሼ አዳሙ ከኋላዬ። "ሰው የእርግማን ልጅ እንዳይላት ደበቅኋት። በቀዳዳው ስታያችሁ ትውላለች። የሙቱን ወሬ ያወራሁትም እኔው ነኝ። እሾሁን ስታዥኝ ምን ብዬ እምቢ ልበል? ተይ ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም።"

እያለቀስሁ ወደ ክፍል አስገባኋት። እናቶቹም ልጆቻቸውን መለሱ፤ ክፍሉ ተረፈ። ብርቄ ትባላለች። ዓመቱን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አንድ ቀን እንኳ ጭቃ አልነካችም። እጇን ከጭኗ ሥር ደብቃ ዝም ብላ ታየኝ ነበር።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰዎች ስለ ሐይቁ ጋኔን ሲያወሩ እስቃለሁ፤ እንደሱ ያለው አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ያን ዓርብ እሾሁን ሳዝዝ፣ የሕያው ልጅ እጅ መሆኑን አውቅ ነበር።