«ዋ» የማይባልበት ምግብ ቤት

የምትወዱት ምግብ ቤት ገብታችሁ፣ የምግቡን ስም አንድም ሳትሳሳቱ ጠርታችሁ፣ ቤቱ በሙሉ ፀጥ ብሎባችሁ ያውቃል? እዚህ ሆሳዕና ውስጥ ጓደኛዬን አጋጥሟታል። ቃሉን ያስጠናኋት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ምግብ ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። በሩ ላይ ስም አልተጻፈበትም፤ ዝናብ የመታው ሰው፣ የፈተና ወረቀት ሲያርም የዋለ መምህር ግን መንገዱን አይስተውም። በኮባ የተጋገረ ትኩስ ቆጮ፣ በቅቤ የራሰ ጎመን ክትፎ፣ ከጎኑ አይብ ይቀርባል። ከተማሪነቴ ጀምሮ ሆድ ሲብሰኝ እግሬ የሚወስደኝ ወደዚያ ነው።

በዚያ ቀን ሆድ የባሳት ጓደኛዬ ነበረች። አንድ ትምህርት ቤት ነው የምናስተምረው። እሷ አዲስ አበባ ያደገች ናት። አንድ ከጎረቤት ከተማ ከፎንቆ የሆነ ልጅ፣ ነርስ ነው፣ ሊያገባት ይፈልጋል፤ እሷም ትወደዋለች። እሑድ ከእናቱ ጋር ልትተዋወቅ ቀጠሮ ይዛለች። እናትየው አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ብዙም አይናገሩትም። «ቋንቋዬን ካላወቀች ምን እያልን እንቀመጣለን?» ማለታቸውን ልጃቸው በየዋህነት ነግሯታል።

«እንደ ዕቃ ተቀምጬ ከተመለስኩ፣ ሽማግሌ መላኩ ይቅር እለዋለሁ» አለችኝ መንገድ ላይ። «ዕድሜ ልክ ዝም የሚባባሉ አማትና ምራት ከመሆን አሁን መተው ይሻላል።»

ስለዚህ ሀዲይኛ ላለማምዳት ይዣት ገባሁ። እኔ ነገር በቅደም ተከተል ሲሄድ ደስ ይለኛል፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ «ጡማ»፤ ቀጥሎ የምግብ ስም። ቆጮ በሀዲይኛ «ዋሳ» ነው። እዚያ ቤት ግን ሀዲይኛ የሚያወሩት እንኳ ሲያዙ «ቆጮ» ነው የሚሉት። እኔም እንደነሱ እል ነበር፤ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው ሴትዮ፣ ትእዛዝ ሲቀበሉ ወደ ጓዳ ጮክ ብለው ይደግሙታል።

«ጡማ፣ እማማ! ዋሳ!» አለች ጓደኛዬ።

ቤቱ ፀጥ አለ። የሁሉም ዓይን እማማ ላይ ሆነ። እሳቸው አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ፣ ከዚያ ወደ ጓዳው ዞሩና «ለመምህራኖቹ ያንን ከእንሰት የሚሠራውን!» ብለው ጮኹ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«እማማ፣ ስሙን ይጥሩት እንጂ!» አለ አጠገባችን የተቀመጠ የባጃጅ ሾፌር። «ዋጋውስ ጨመረ?»

«እሱ አልጨመረም። የጨመረው ያንተ ምላስ ነው።»

ሾፌሩ ያኔ ያስረዳንን እኔም ላስረዳ። በድሮው ወግ እዚህ አገር ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን፣ በስሙ መጀመሪያ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ለእሷ ነውር ነው። የእማማ ባል አባት ስም በ«ዋ» ይጀምራል። ስለዚህ ዋሳም፣ ዋጋም፣ ዋንጫም ከአፋቸው አይወጣም። ድምፁ ቃሉ መሀል ወይም መጨረሻ ላይ ሲመጣ ችግር የለውም። ዛሬ ወጣቶቹ ወጉን ትተውታል፤ እማማ ግን አማታቸው ከሞቱ በኋላም አልተዉትም።

ጓደኛዬ እጇ ቆጮው ላይ እንዳለ ቀረ። «የእሱ አባት ስም በ‹ባ› ነው የሚጀምረው» አለች።

«እንግዲህ ባጃጅ ቀረብሽ» አለ ሾፌሩ። «በእግርሽ መሄድሽ ነው!»

«ባልስ? ባሌን ምን ልለው ነው?»

«የልጆቼ አባት በይዋ» አሉ እማማ።

«ሳልወልድ?»

«ፍጠኚያ!»

ሳቁ ሲበርድ እማማ አጠገቧ ተቀመጡ። «ተዪው ልጄ፣ የእናንተ ዘመን ነገር አይደለም። ማንም ይህን ከአንቺ አይጠብቅም።»

ጓደኛዬ ቆጮውን ቆርሳ በጎመን ጠቀለለች፤ ከገባን ጀምሮ ከልቧ ስትበላ ያየኋት ያኔ ነው። ስንወጣ ክንዴን ያዘችና «እስከ እሑድ ቋንቋ አልማርም» አለችኝ። «አንድ ድምፅ መተው ግን እችላለሁ።»

የእሑዱን ነገር በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ነገረችኝ። ወተት ጠጥተዋል፤ ልጁ ከጎረቤት ጋር ሊያወራ ወጥቷል፤ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ፀጥ ብለዋል። እናትየው ከጓሮ የለቀሙትን እሸት ባቄላ አምጥተው ፊቷ አስቀመጡና፣ ያለቻቸውን አማርኛ ሰብስበው «ይሄ፣ አዲስ አበባ አለ?» አሏት።

ከንፈሯ «ባ» ሊል ገጠመ። ያዘችው። ትንሽ አሰበችና «አለ፣ እማዬ። የአተር ታላቅ እህት ናት» አለች።

እናትየው እሸቱን አዩ። እሷን አዩ። ባለቤታቸው ወደሚቀመጡበት ወንበር ዞር አሉ። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ማን ነገረሽ?»

ከዚያ በኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሸት ሲፈለፍሉ ዋሉ። አንዷ በሀዲይኛ፣ ሌላዋ በአማርኛ፤ ብዙውን አልተግባቡም። ዝም ግን አላሉም። ልጁ ሲመለስ እናቱ አንድ ነገር አሉት፤ እሱም እየሳቀ ተረጎመላት፦ «ለመስቀል አታካናውን አንቺ ታማስያለሽ ይሉሻል።» አታካና ከቡላ፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ የበዓል ምግብ ነው፤ ማማሰያውን ለእንግዳ አይሰጡም።

ሽማግሌዎቹ የሚሄዱበት ቀን እየተመረጠ ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በአካባቢያችሁ ካሉ አሮጊቶች አንዷን፣ በአክብሮት የማይጠሩት ስም እንዳለ ጠይቋቸው። ቢነግሯችሁ፣ አብራችሁ ምሳ ስትበሉ ያንን ድምፅ ለአንድ ማዕድ ያህል እናንተም ተዉት። ቃል ይጠፋችኋል፣ ትስቃላችሁ፣ ሌላ ቃል ትፈጥራላችሁ። እባካችሁ ሞክሩት።