በሜትር የማይዋሸው ልብስ ሰፊ

ያ ክረምት ልብስ አላደርቅ ያለ ክረምት ነበር። ግድግዳው ያልበዋል፣ የተተኮሰ ጨርቅ እንኳ እርጥበት እርጥበት ይሸታል፣ ሰው ሁሉ ከብርድ ልብሱ ላለመውጣት ሰበብ ይፈልጋል። ሜትሬ በሚዛን ማታለል የጀመረው በዚያ ክረምት ነው።

ሜትሬ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩ ካንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈርተኛው ነው ይህን ስም ያወጣለት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነበረች፤ የፊተኛዋ ሱቁ፣ የኋለኛዋ ከታናሽ እህቱ ጋር የሚኖርባት። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ፣ ትምህርት ተከፍቶ ያላደረሰበት ዓመት የለም። በዚያ ዓመት ግን ልቡ ደከመ። አስራ አንድ ይሁን አስራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛ። ሊወጣ ሲል ሲስተሯ ማበጡን አለማበጡን ለማወቅ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አየችለት።

«በጣት ደግሞ ልክ ይወሰዳል እንዴ?» አለና ሜትሩን አውርዶ ለካ። ሃያ ሦስት። እሷም እየሳቀች ጻፈችው።

ከዚያ አንዲት ሚዛን ሰጥተው ሸኙት። ጠዋት ጠዋት ሲወጣባት ኪሎውን ሚዛኗ ራሷ በስልክ መስመር ለሲስተሯ ትልካለች። ኪሎው በድንገት ከጨመረ ሰውነቱ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው፤ ተመልሶ ይተኛል።

የጨነቀው ይኸው መተኛት ነበር። ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሃያ ስድስት ዩኒፎርም ተቆርጦ ተከምሯል። ስለዚህ ሚዛኗን ከመተኮሻው ጠረጴዛ አስጠጋት። ሲወጣባት በመዳፉ ጠረጴዛውን ደገፍ ይላል፤ ቁጥሩ እሱ የሚፈልገው ላይ ሲወርድለት ጸጥ ብሎ ይቆማል።

እህቱ አየችው። «ጋሼ፣ ማንን ነው የምታታልለው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«አንቺ ቁልፍሽን ትከዪ።»

በአምስተኛው ቀን ሲስተሯ ደወለች።

«አባባ፣ እንዴት አደሩ?»

«ተመስገን ልጄ። ሚዛንሽም ደህና ነው ትላለች።»

«እሱ ነው የገረመኝ። አምስት ቀን ሙሉ ሰባ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ሰው ነዎት ወይስ ድንጋይ?»

ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት። ሲስተሯ ሳሉ እስኪያልፍለት ጠበቀች።

«ሜትርዎ አጠገብዎ ነው?»

«መቼ ተለይቶኝ ያውቃል።»

«እንግዲያው ያን ቁርጭምጭሚት ይለኩልኝ።»

በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጎንበስ አለ። ጎንበስ ማለቱ ራሱ ትንፋሽ አሳጣው። ሜትሩን አዞረው፣ አየው፣ እንደገና አዞረው። ሃያ ሦስት ቢል ማን ያየዋል? ግን ያን ሁሉ ዓመት የሰው ልጅ ልክ ጮክ ብሎ ሲጠራና እህቱ ስትጽፍ፣ አንድም ቀን የሌለ ቁጥር ጠርቶ አያውቅም። ሜትር ከዋሸ ጨርቁ ያሳብቃል።

«ሃያ ሰባት ተኩል» አለ።

«ዛሬውኑ ይምጡ፣ አባባ።»

«ዩኒፎርሙስ?»

«ልጆቹ አንድ ሳምንት በቤት ልብሳቸው ቢማሩ አይሞቱም።» እሱ ቢቀር ምን እንደሚሆን ግን አልጨመረችም።

ሄደና ተኛ። ዩኒፎርሙን እህቱ እንደምንም አደረሰችው። ሲወጣ ተማሪዎቹ በደጁ ሲያልፉ እያየ፣ «ጠርዙ ተጣሟል፣ ያኛውም ተጣሟል» ሲል ሰነበተ። እሷም፣ «ተጣሞም ቢሆን ቆመህ አየኸው» አለችው።

ኋላ ሱቁን ለእሷ ለቆላት፣ ከሆስፒታሉ በስተጀርባ ባል አግብታ የምትኖር ልጅ አለችው፤ እሷ ቤት ገባ። ጠዋት ጠዋት ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ሚዛኗ ላይ ይወጣል አሉ። ወሬው እስከደረሰን እስካለፈው ክረምት ድረስ በደህና እዚያው ነበር።