የሁሩታው ዙር

አዳማ ውስጥ ስለ መኪና አሞርዛተር የሚያውቅ ሰው ካስፈለገህ ዛሬም ወደ እኔ ነው የሚልኩህ። ጉልበቴ ከመኪና ሥር መግባት እምቢ ካለኝ ቆይቷል። ቢሆንም የመኪና ጥግ ተጭኜ ስለቅቅ የታመመውን እጄ ይነግረኛል። ትምህርት ቤት የቆየሁት ፊደል እስክለይ ነው። ሥራውንም ያስተማረኝ የለም። በልጅነቴ የተቀጠርኩበት ጋራዥ ባለቤት ጣሊያን ነበር፤ ከባድ ሥራ ሲይዝ ጀርባውን ይሰጠናል። ዓይኔን ቢከለክለኝ በጆሮዬ ተማርኩ። ገና ወጣት ሳለሁ ከሞጆ እስከ ዝዋይ መኪናው የሚዘልበት ሁሉ እኔን ይፈልግ ነበር። ይህን የምልህ ለጉራ አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራህን እንድታምነኝ ነው።

በቀደም ልጄ ዕቃ ቤቴን ሲያጸዳ አንድ አሮጌ አሞርዛተር ይዞ መጣ።

«አባባ፣ ይሄንን ልጣለው?»

ተቀበልኩት። ዘንጉን ተጭኜ ለቀቅኩት፤ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ከአንገቱ ጥቂት ዘይት አላበው። ያ ሽታ፣ የቆየ ዘይትና የአቧራ ሽታ፣ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ ልጄን «ተወው፣ ሂድ» አልኩት።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ከሁሉ የምቀርበው ጓደኛዬ የእህል ነጋዴ ልጅ ነበር። ከለውጡ በፊት በመኪና ውድድር ስሙ ይነሳ ነበር፤ በኋላ ቤንዚን በኩፖን ሲሆን ትንሿ መኪናው ሸራ ለብሳ ግቢ ቆመች። ከዚያ አባቱን እህል ደብቀሃል፣ አሻጥር ሠርተሃል ብለው አሰሩት። እናቱ ስንቅ ያመላልሳሉ፤ ጠባቂው ሳህኑን ይቀበላል፣ ባዶውን ይመልሳል። ባልየውን አንድ ቀን እንኳ አላሳዩዋቸውም። ጓደኛዬ ጉዳዩን የያዘውን ሻለቃ ለማነጋገር ቢመላለስም ከበሩ አላለፈም።

ለአብዮቱ በዓል የመኪና ውድድር ይደረጋል ተባለ። ቤንዚን ተፈቀደ፤ ዋንጫውን የሚሰጠው ሻለቃው ራሱ ነው። ጓደኛዬ ወሬውን በሰማ ዕለት ሸራውን ገፎ መኪናዋን ወደ እኔ አመጣ።

«አሁን ዋንጫ አማረህ?» አልኩት።

«ዋንጫ ሲሰጠኝ እጄን ይጨብጣል» አለኝ። «ያን ጊዜ ጆሮው አጠገቤ ነው።»

የመፍቻ ሳጥኔን ከፈትኩ።

የመኪና ሞላ ያነጥራል፤ አሞርዛተር ደግሞ ንጥሯን ይይዛል። በሆዱ ዘይት አለ፤ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ተጨንቆ ሲያልፍ ነው ኃይሉ። ዘይቱ ሲወፍር መኪናዋ ትጠነክራለች፤ ሲቀጥን ትለሰልሳለች። አሞርዛተር ተደፍኖ ነው የሚመጣው። እኔ ግን አናቱን በስቼ ብሎን አበጀሁለት፤ ዘይቱን እንደ ልቤ እንድለውጥ። ወፍራም የማርሽ ዘይትና ለትራክተር የሚሆን ቀጭን ዘይት በጣሳ እያማሰልኩ በጣቶቼ መሃል አሽቼ እለካለሁ። ጎረቤቴ ጎሚስታው ጎማውን ትቶ ያየኛል።

«ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ጨው ጨመርክበት?»

«አንተ ንፋስህን ሙላ።»

«እንዳያርርብህ ብዬ ነው።»

ዙሩ ከከተማው ወጣ ብሎ በሜዳ ላይ በበርሜል የታጠረ ነበር፤ መሬቱን የጋሪ እግር ቦርቡሮታል። መጀመሪያ አራቱንም አጠነከርኩ። መኪናዋ መታጠፊያው ላይ እንደ ፌንጣ ዘለለች፤ ጎማው አየር ላይ ከሆነ መሪ ምን ይሠራል? ጓደኛዬ ፊቱ አመድ ለብሶ ወረደ። እኔ አቧራው ላይ በሆዴ ተኝቼ «እንደገና ዙርልኝ» አልኩት። ጎማዎቹን ብቻ እያየሁ አስዞርኩት። የአዳማ ነፋስ አሸዋውን በጥርሴ ያስቆረጥመኛል፤ ፀሐይዋ በአቧራው ውስጥ ቢጫ ሆና ነበር። እዚያ ተኝቼ ገባኝ፤ መያዝ ያለበት መውረዷ አይደለም፣ አመላለሷ ነው። የፊቶቹን ፈትቼ፣ ሲጫኑ ዘይቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በቀጭን ሞረድ አሰፋሁ፤ ሲመለሱ የሚያልፍበትን አልነካሁም። ከዚያ ወዲያ ጉድጓዱን እየዋጠች፣ ከመሬት ሳትላቀቅ ዞረች። ማንም አላሳየኝም። አገሩ ሁሉ ቢሰበሰብ ያን ጊዜ ይህን የሚያደርግ አልነበረም።

በበዓሉ ዕለት ከአዲስ አበባ የመጡት ሞተራቸው ከእኛ ይበልጥ ነበር። ቀጥታው ላይ ጥለውን ይሄዳሉ፤ መታጠፊያው ላይ ሲነጥሩ ጓደኛዬ በውስጥ በኩል ያልፋቸዋል። አሸነፈ። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ ጨርቄን ይዤ ከኋላው ቆሜ ነበር። ሻለቃው እጁን ጨበጠው። ጓደኛዬ ጎንበስ አለ።

«ጓድ ሻለቃ፣ አባቴ እናንተ ዘንድ ነው...» የአባቱን ስም ተናገረ።

ሻለቃው ፈገግታውን አልለወጠም። «ይታያል» አለ።

ከበዓሉ በኋላ እናቱ እንደወትሮው ስንቅ ይዘው ሄዱ። ጠባቂው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላቸው።

«ከእንግዲህ አያምጡ።»

በዚያ ዘመን የዚህን ትርጉም የሚጠይቅ አልነበረም። እናቱ ምግቡን እንደሞቀ ታቅፈው በገበያው መሃል ተመለሱ። በመንግሥት ለተገደለ ሰው ድንኳን መትከል፣ ልቅሶ መቀመጥ አይቻልም። እቤታቸው በር ዘግተው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ተቀመጡ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አልወሰዳቸውም።

ጓደኛዬ መጣና ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ስሙን ባላነሳ ኖሮ ረስተውት ይሆን?»

«ከበዓሉ በፊት ነው የገደሉት» አልኩት።

«በምን አወቅክ?»

አላወቅኩም። ዛሬም አላውቅም። እጄን በጨርቅ ጠረግኩ። ተነሳና የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠኝ።

«እማዬን ሁሩታ፣ ወንድሞቿ ዘንድ ልውሰዳት። እዚያ እንኳ ታልቅስ። መንገዱን ግን አትችልም፤ መኪናው በነቀነቃት ቁጥር ታቃስታለች። አለስልስልኝ።»

ያን ቀን ጎሚስታው አልቀለደም፤ ጣሳውን ያዘልኝ። ያንን ሁሉ የደከምኩበትን ወፍራም ዘይት አፈሰስኩት። ቀጭኑን ሞላሁ፣ ተጫንኩ፣ ለቀቅኩ፤ አልወደድኩትም፣ ደገምኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተጨንቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ተነሳን። እናቱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆኜ አሞርዛተሮቹን አዳምጣለሁ። ጓደኛዬ እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። የአዋሽን ድልድይ ተሻግረን፣ ሽቅብ ወጥተን፣ ኮረኮንቹን ስንይዝ ወደ ወለሉ ጎንበስ አልኩ። መኪናዋ ድንጋዩን ሁሉ በሆዷ ያዘችው። የእናቱ ጭንቅላት ዘንበል አለ። የገብስ ማሳ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ።

ሁሩታ ስንገባ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። የወንድሞቻቸው ደጅ ላይ ሴቶች ነጠላ ዘቅዝቀው ቆመዋል። ስንቆም ጩኸቱ እንደሚነሳ ሁለታችንም እናውቃለን። ጓደኛዬ በመስተዋቱ አየኝ።

«ተኝታለች?»

«ተኝተዋል።»

ፍሬን አልያዘም። በደጁ ፊት በዝግታ አለፈ፤ ሴቶቹ ግራ ገብቷቸው በዓይን ሸኙን። በእህል ገበያው፣ በወፍጮ ቤቱ አድርገን ከተማዋን ዞርን። ተመልሰን ስንደርስ አሁንም አልነቁም። ደግሞ ዞረ።

ከዚያ በኋላ አልተወዳደረም። ዓመቱ ሳይሞላ ከአገር ወጣ አሉ፤ ወዴት እንደደረሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም። መኪናዋ ሁሩታ ቀርታ ፈረሰች፤ ይህን አንዱን አሞርዛተር ሄጄ አመጣሁ።

እንግዲህ እኔ የሠራሁት ይህ ነው። ተደፍኖ የሚመጣውን አሞርዛተር ከፈትኩ። ትንሿን መኪና ከትልልቆቹ አስቀደምኩ። ጓደኛዬን እስከዚያ ሰው ጆሮ ድረስ አደረስኩት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በዘይት የሚሆን አልነበረም። አንዲትን እናት ደግሞ ከአዳማ እስከ ሁሩታ፣ ከዚያም ሁለት ዙር፣ ሳልቀሰቅሳቸው ወሰድኩ።