የኢኽላስ ጀሪካን

ዓለምፀሐይ አዲሱ ገበያ ጀርባ የሰው ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ውሃ እንጀራዋ ነው። ውሃ በሚመጣበት ቀን ቦኖው ጋ የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ባዶ ጀሪካን ነው። የጀሪካኑ ባለቤት እቤቱ ሥራውን ይሠራል፤ ተራውን የሚነካበት የለም።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ ሰፈራችን የተከራየችው ኢኽላስ መጣች። ሰው ስላላየች ቀጥ ብላ ቀዳች። ተራው የዓለምፀሐይ ነበር።

"አገሩን ሞሉት፣ አሁን ደግሞ ውሃውን ሊቀሙን!" ብሎ ሰፈሩ ወጣ።

"ውሃው ሳይደርሰኝ ቢሄድ ልጆቼን ምን ላብላ?" አለች ዓለምፀሐይ። ስጋቷ እውነት ነው፤ ማንም እንዳይስቅባት። እናንተ አብራችሁ የጮኻችሁ ግን፣ ውሃው በሳምንት አንዴ የሆነው ኢኽላስ ሳትመጣ አይደለም እንዴ? ያኔ ማን ላይ ጮኻችሁ?

ባለሱቋ ቶይባ የጀሪካኑን ሰልፍ በአረብኛ ስታስረዳት ኢኽላስ ደንግጣ የቀዳችውን ልትደፋ አዘነበለች።

"ኧረ አንቺ! ውሃ ይደፋል እንዴ?" ዓለምፀሐይ ተቀብላ ወደ ራሷ ጀሪካን ገለበጠችው። ባዶውን ወስዳ ሰልፉ መጨረሻ ላይ አቆመችላት። "ቶይባ፣ ቦታዋ ይሄ ነው በያት። ማንም አይነካባትም።"

ለኢኽላስ ሳይደርሳት ውሃው ሄደ። ጀሪካኗ ግን እዚያው ቆሞ ሰነበተ፤ የነካባት የለም።