ሞጣ ላይ የታመምሁበት ቀን

ትናንት ከገበያ ስመለስ ቢቸና መናኸሪያ በር ላይ አዲስ ባነር ተወጥሮ አየሁ። ሞጣ ላይ የኪነ ጥበብ፣ የታሪክና የባህል ዝግጅት ሊደረግ ነው። ጉግስ አለ፣ የቅኔ ጉባኤ አለ፣ የጥንት ዕቃ ይታያል፣ የየወረዳው የኪነት ቡድንም ይወዳደራል። ጎረምሶቹ በስልካቸው ፎቶ ያነሡታል። እኔ ግን ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሞጣና ኪነት የሚሉትን ቃላት አንድ ላይ ባየሁ ቁጥር፣ ሆዴን ይዤ የተንከባለልሁባት ቀን ትመጣብኛለች።

ያኔ ሞባይል እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበር። ወሬ የሚሄደው በመኪና ነው፤ መኪናው ጎማ ከተነፈሰበት ወሬውም መንገድ ላይ ያድራል። እኔና ጓደኛዬ ይታይሽ በቢቸና የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርን። እኔ ተወዛዋዥ ነኝ፣ ያውም ከኋላው ረድፍ። ይታይሽ ግን ድምፃዊት ናት፤ እሷ ስትለማመድ ከአዳራሹ ውጪ እህል የሚሰፍሩ ሰዎች ቁናቸውን ይዘው ይቆሙ ነበር።

አባቷ አያ አንለይ ከከተማው ዳር ሰፊ ግቢ ያላቸው ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ያያሉ፤ ዘፈኗን ግን አልወደዱላትም። ሞጣ ልንሄድ ስንነሣ እንዲመጡ ብትለምናቸው፣ “ዝፈኚ፣ አልከለከልሁሽም። እኔ ግን ሰው ፊት ትከሻሽን ስትነቀንቂ ለማየት እዚያ ድረስ አልንከራተትም” አሏት። ከዚያ በኋላ ስለ ዝግጅቱ አላነሣችባቸውም።

ወሩ ጥር ነው፤ ጥምቀት አልፏል፣ እህሉም ገብቷል። አርብ ጧት በአውቶቡስ ተነሥተን ደብረ ወርቅን አልፈን ጉንደ ወይን ስንደርስ፣ ከአቧራው የተነሣ ሁላችንም ሽበት አብቅለናል። እዚያ ወርደን ሽሮ በላን። እየፈላ የቀረበ፣ ቃሪያው ዓይን የሚያስለቅስ ሽሮ ነበር። እስከ ዛሬ የበላሁት ሽሮ ሁሉ ከዚያኛው ያንሳል፤ ምናልባት ወጣትነቱ ይሆናል የጣፈጠኝ። ይታይሽ አንድ ሁለቴ ጎርሳ ተወችው።

“አባቴ ቢመጣልኝ ኖሮ...” አለች።

ዝግጅቱ በማግስቱ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። መድረኩ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በእንጨት ተሠርቶ ከኋላው ሸራ ተጋርዶበታል፤ እኛ አጠገቡ ባለ ክፍል ውስጥ ልብስ እንቀይራለን። ተራችን ሊደርስ ሲል ካሳ የሚባል የቢቸና የእህል ነጋዴ ረዳት መጣ። በዚያው ጧት ጤፍ በጫነ አይሱዙ ተነሥቶ ገና መድረሱ ነው። እኔንና የቡድናችንን መሪ መምህር ውበቱን ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰደን።

“አያ አንለይ ዐረፉ” አለን።

“ማን ነገረህ?” አሉ መምህር።

“ምን ነጋሪ ያሻል? ድንኳኑ ግቢያቸው ተተክሏል። ሚስታቸው ነጠላ አዘቅዝቀው ያለቅሳሉ። በር ላይ ቆሞ ለቅሶ ደራሽ የሚቀበለው የቤቱ አባወራ አይደል? እሳቸውን ብፈልግ፣ ብፈልግ አላየኋቸውም። መኪናው ቸኩሎ ነው እንጂ ወርጄ እደርስ ነበር።”

መርዶ እኛ አገር ወግ አለው። ጎሕ ሲቀድ፣ በገዛ ቤቷ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እጇን የሚይዛት ሰው ባለበት ነው የሚነገር። በሰው አገር፣ በመድረክ ጀርባ፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ ሳለች እንዴት ይነገራታል? ደግሞ ዝም ብንል ልትዘፍን ነው። አባቷ በሚቀበሩበት ቀን ስትጨፍር ዋለች የሚለው ስም ዕድሜዋን ሙሉ አይለቃትም፤ እሷም ራሷን ይቅር አትልም።

“እኛ መርዶ ነጋሪዎች አይደለንም” አሉ መምህር ውበቱ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። “ነገ ለዘመዶቿ እናስረክባታለን። ግን እንዴት አድርገን ከመድረኩ እናስቀራት?”

እንዴት እንደ መጣልኝ አላውቅም። ወደ ክፍሉ ተመልሼ “ወይኔ ሆዴን!” ብዬ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ።

ይታይሽ ማበጠሪያዋን ጥላ መጣች። ራሴን ጭኗ ላይ አደረገች። አንዲት ደግ የሞጣ ሴት ፌጦ በጥብጠው በጣሳ ይዘው ገቡ፤ ካልጠጣሽ ብለው አፌን ፈልቅቀው አጠጡኝ። ጉሮሮዬን ሲያቃጥለኝ እንባዬ ግጥም አለ። እውነቱን ለመናገር እንባው የፌጦው ብቻ አልነበረም። ያች ልጅ አባት እንደሌላት ሳታውቅ የእኔን ጤነኛ ሆድ እያሻሸች ታባብለኝ ነበር።

መምህር ገብተው “ሌሎቹ በማሲንቆና በከበሮ ይጀምሩ፤ አንቺ ከእሷ ጋር ሁኚ” አሏት።

“እሷን ጥዬ የትም አልሄድም” አለች። “ምንስ ቢሆን ማን ሊያየኝ መጥቷል?”

ውጪ ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አቃስታለሁ። ጥቂት ቆይቶ በሩ በኃይል ተከፈተና አንድ የቁጣ ድምፅ ሰማሁ።

“ልጄ የታለች? ሁሉም ወጥቶ ሲጨፍር እሷ የቀረችው ምን አግኝቷት ነው?”

ዓይኔን ብገልጥ አያ አንለይ ናቸው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በአቧራ ነጥተው ቆመዋል። ጮኼ ተነሣሁ። ሆድ ቁርጠቱ የት እንደ ገባ እንጃ፣ ሮጬ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምሁ፤ ጉንጫቸውን፣ ጺማቸውን፣ ዱላ የያዘ እጃቸውን ሁሉ ሳምሁ። መምህር ውበቱ “ተመስገን፣ ተመስገን” እያሉ ወንበር ፈለጉ። የሞጣዋ ሴትዮ ጣሳቸውን ወደ ላይ ይዘው “ፌጦዬ!” አሉ።

ካሳ ተጠርቶ ሁሉንም ሲናገር አያ አንለይ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ።

“ድንኳኑስ የእማማ ስንዱ ለቅሶ ነው፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ ዐርፈዋል ማለት ነው” አሉ።

እማማ ስንዱ ብዙ ዘመን የኖሩ፣ በወጣትነታቸው ሠርግ አድማቂ የነበሩ፣ ታመው የከረሙ ጎረቤታቸው ነበሩ። ግቢያቸው ጠባብ ነው። ያ ሰፈር ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳኑን የሚተክለው አያ አንለይ ግቢ እንደ ሆነ እኔና ካሳ የሌላ ሰፈር ሰዎች ስለሆንን አናውቅም ነበር።

“ትናንት ማታ ልጠይቃቸው ብገባ ተቆጡኝ” አሉ አያ አንለይ። “‘አንተ ካልሄድህ ልጅህ በማን ፊት ትዝፈን? እኔን ስትጠብቅ ቀኑ እንዳያልፍብህ’ አሉኝ። ጎሕ ሲቀድ የተነሣሁት ተደብቄ አይቼ፣ ተደብቄ ልመለስ ነበር፤ የመኪናው ጎማ ተንፍሶ ነው ያረፈድሁ። ነፍስ ይማር።”

ይታይሽ ምን እንደ ተደበቀባት ገና ያን ጊዜ ገባት። አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ አባቷ ደረት ላይ ወድቃ ተንሰቀሰቀች።

“በይ ተይ” አሏት። “ነገ ተመልሰን ለሠልስታቸው እንደርሳለን። እሳቸው የላኩኝ ልሰማሽ ነው፤ ሳልሰማሽ ብመለስ ምን እላቸዋለሁ?”

ዘፈነች። አያ አንለይ ከፊተኛው ረድፍ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አውርደው ተቀመጡ። እኔም ከኋላው ረድፍ እንደዚያን ቀን ተወዛውዤ አላውቅም። ሽልማቱን ሌላ ወረዳ ወሰደው፤ ማንኛችንም አልከፋንም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ እውነተኛ መርዶ ሰምቻለሁ፤ የራሴንም አባት ቀብሬአለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ በሩ ተከፍቶ የሞተው ሰው እየተቆጣ ሲገባ አላየሁም። ለዚህ ነው ያችን ቀን እንደ ስጦታ የማያት። ሰው አንዴም ቢሆን ያጣውን ሲመልሱለት ምን እንደሚመስል ቀምሻለሁ።

ዛሬ በጧት ስልኬ ጮኸ። ይታይሽ ናት፣ ከደብረ ማርቆስ። አባቷ አርጅተው እሷ ዘንድ ነው ያሉት። እንኳን በጧት፣ በቀትርም ብትደውል ልቤ ይደነግጣል፤ ሰላምታ ሳልሰጥ ነው የምጠይቃት።

“አያ አንለይ ደኅና ናቸው?”

“ደኅና ናቸው። የሞጣውን ዝግጅት ሰምተው ካልወሰድሽኝ እያሉ ነው። ትመጫለሽ?”

መልስ ሳልሰጣት ከወዲያ የሽማግሌ ድምፅ ጣልቃ ገባ።

“እኔ ዛሬም አልሞትሁም በያት! እሷስ፣ ሆዷ ዳነ ወይ?”