ከእኔ በቀር ማንም የማይነዳት መኪና

የስደት ወሬ ሁልጊዜ የሚጀመረው በጨለማ ነው፤ ውሻ ይጮኻል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ልጅ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ይወጣል። እኔ ግን ከወልድያ የወጣሁት በነሐሴ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ቦግ ባለበት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አገር እያየኝ ነው። የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከቆቦ በኩል እየቀረበ ሲመጣ ከተማው እንዳለ ተነቅሎ ወደ ደቡብ ፈሰሰ። ባጃጁ ፍራሽ ጭኗል፣ ሚኒባሱ ጣራው ላይ ሳይቀር ሰው ጭኗል፣ እግረኛው ሕፃን አዝሏል፤ ሁሉም ወደ መርሳ ነው።

እኔና አባቴ ጎረቤቱን አሳፍረን በራሳችን መኪና ወጣን። አባቴን፣ ሁሴን ሾፌርን፣ በመርሳም በሐራም የማያውቃቸው የለም። መኪናቸው በዕድሜ እኔን የምትበልጥ የጣልያን ከባድ መኪና ናት። ማርሿ እንደ ዛሬዎቹ በቀላሉ እሺ አይልም፤ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ ረግጠህ፣ በመካከሉ ነዳጅ ሰጥተህ፣ የሞተሩን ድምፅ አዳምጠህ ነው የምታስገባው። ከተሳሳትክ ካምቢዮው፣ የማርሹ ሳጥን፣ ይጮኽብሃል፤ አባቴ ደግሞ ከካምቢዮው ብሰው ይጮኹብሃል። በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ስለወጣባቸው መሪውን ለእኔ ከለቀቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከጎኔ ተቀምጠው በጆሯቸው ይነዳሉ።

ወደ ሲሪንቃ ቁልቁል ስንወርድ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሰው ነው። እግሬ ፍሬኑን አልለቅ አለ።

«ፍሬኑ ላይ አትተኛበት! ይግላል፤ ከጋለ ይከዳሃል» አሉ አባቴ። «ወደ ሁለተኛ አውርዳት፣ ሞተሩ ይያዛት!»

ከኋላ የተሳፈረው ግማሹ «ያ አላህ!» ይላል፣ ግማሹ «እግዚኦ!» ይላል። ማርሹን አወረድኩት። ገባልኝ። ማንንም ሳንነካ መርሳ ደረስን።

መርሳ ላይ፣ ከድሮ ቤታቸው ደጃፍ፣ አባቴ በሩን ከፍተው ወረዱ። መሞገት ጀመርኩ።

«አባ፣ ደሴ እስክንደርስ ይታገሱ እንጂ። ነገ ጦርነቱ እዚህም ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ። ዓይን የሌለው ሰው ስደት ምን ያደርግለታል? የት እንዳለሁ በማላውቅበት አገር ከምደናበር፣ ግድግዳውን በእጄ የማውቀው ቤቴ ልቀመጥ። አንተ ሂድ፤ የጅዳ ቪዛህ ወጥቷል። ግን ስማኝ ልጄ፣ ዓይኔ ጨርሶ ሳይዘጋ ና። ፊትህን አንድ ጊዜ አይቼው ልዘጋው።»

«ለረመዳን እመጣለሁ። ወላሂ እመጣለሁ!»

ወላሂ ብያለሁ። እንግዲህ ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚያ መሐላ ነው።

መኪናዋን ደሴ አጎቴ ግቢ አቁሜ፣ አዲስ አበባ ገብቼ፣ በሾፌርነት ቪዛ ጅዳ ወረድኩ። ፓስፖርቴን ያየው መኮንን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«የት ነው ስትነዳ የነበረው?»

«ወልድያ።»

«ወልድያ የት ነው?»

«ከመርሳ በላይ።»

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን መርሳን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጅዳን ደግሞ ምን ልበላችሁ፤ ሐራ ይሞቃል የምትሉ ሰዎች ሐራ ቀዝቃዛ አገር ነው። ማንጎው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ የመርሳን ማንጎ ለለመደ ሰው ሽታም የለው። ሰላምታው ፈጣን ነው፤ ገና «እንዴት ዋላችሁ፣ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና» ሳትል ሰውዬው ሄዷል።

ከፊሌ፣ ማለት አሠሪዬ፣ አቡ ናስር የሚባል ባለጸጋ ነው። መጀመሪያ የሰጠኝ የእናቱን መኪና ነበር፤ ማርሹን ራሱ የሚቀይር፣ ሁለት ፔዳል ብቻ ያለው። በመጀመሪያው ቀን፣ መብራት ላይ፣ ግራ እግሬ የለመደውን ፍሪሲዮን ፍለጋ ተነሥቶ ሰፊው ፍሬን ላይ በሙሉ ኃይሉ ዐረፈ። አሮጊቷ ከነፔርሙዛቸው ወደ ፊት መጡ። በሳምንቱ ደገምኩት። አቡ ናስር አስጠራኝ።

«አንተ ሾፌር ነህ ወይስ ግመል ጠባቂ?»

«ሾፌር ነኝ፤ መኪናው ነው ፔዳል የጎደለው።»

አልሳቀም። ሦስቱ የሙከራ ወራት ሳያልቁ እንደሚመልሰኝ በግልጽ ነገረኝ። ወዴት ነው የሚመልሰኝ? መርሳ ከተያዘች ሰንብታለች፣ መንገዱ ዝግ ነው። ስልኩን ስደውል ያቺ ሴትዮ «ለጊዜው ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች። «ለጊዜው» ስትል ወራት አለፉ። አባቴ ይኑሩ ይሙቱ አላውቅም። ሥራውን ካጣሁ ደግሞ መንገዱ ሲከፈት ይዤ የምሄደው ነገር አይኖረኝም።

በዚህ መካከል አሮጌዋ መኪና መጣች። አቡ ናስር ከባሕር ማዶ ያስመጣት፣ የዛሬ ሰባ ዓመት ገደማ ለእሽቅድምድም የተሠራች፣ ጣራ የሌላት፣ የሁለት ሰው መቀመጫ ያላት ቀይ መኪና ናት። ጎማዋ ቀጭን፣ መሪዋ የእንጨት፣ ማርሿ ልክ እንደ አባቴ መኪና ግትር። ቀስ ስትል ካንዴላዋ ይጠቁርና ትስላለች፣ ትጠፋለች፤ ፈጠን ስትል ደግሞ ኋላዋ ማምለጥ ይወዳል። የባሰው ፔዳሏ ነው፤ ነዳጁ መሀል ላይ፣ ፍሬኑ በቀኝ በኩል። አቡ ናስር ራሱ ሞክሯት፣ ያዝኩ ብሎ መሀሉን ሲረግጥ የግቢውን ግንብ ሳመው። ይህን በሹክሹክታ የነገረኝ ጋራዡን የሚጠብቀው የባንግላዴሽ ሰው ሸፊቅ ነው።

ሊጠግናት የመጣ ሽማግሌ ጣልያናዊ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ «ፍሪሲዮኔ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ» እያለ ሲያጉረመርም እኔ እየተቀበልኩ ዕቃውን በጣቴ አሳየው ጀመር። አቡ ናስር ዓይኑ ፈጠጠ።

«ጣልያንኛ ትችላለህ?»

«አልችልም። መኪና ነው የምችለው።»

ሽማግሌው ስቆ መሪውን ሰጠኝ። ግቢ ውስጥ አዞርኳት፤ ማርሹን ሳላስጮኽ አስገባሁ፣ አወጣሁ። ያን ቀን እንዳለቀስኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ ድምፁ የአባቴ መኪና ድምፅ ነበር።

«ጣኢፍ ተራራ ላይ ከወዳጆቼ ጋር ሽርሽር አለን» አለ አቡ ናስር። «አውጥተህ ካወረድካት ኢቃማህን አወጣልሃለሁ። ከጫርካት ግን ከዚያው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።»

ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀት ነው። እሱ ካለህ ሄዶ መመለስ አለ። ለእኔ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር፤ ረመዳን፣ መርሳ፣ አባቴ።

ዳገቱን በደስታ ወጣች። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲመጣ፣ ጭጋግ ፊቴን ሲነካኝ፣ የውጫሌን ዳገት የምወጣ መሰለኝ። መመለሻው ላይ ግን ነገር መጣ። ከፊታችን የወዳጆቹ መኪኖች፣ ከኋላችን የወዳጆቹ መኪኖች፣ ከጎኔ መነጽር አድርጎ የተቀመጠ አቡ ናስር። መታጠፊያው ገና አንዱን ሳትጨርሰው ሌላው ይመጣል። ለራሴ «ነዳጅ መሀል፣ ፍሬን ቀኝ» እያልኩ እንደ ዚክር እደጋግማለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ፍሬኑ እየሰነፈ ነው። ረገጥኩት፣ ወለሉ ድረስ ሊወርድ ምንም አልቀረውም።

ጣኢፍ መንገድ ላይ ዝንጀሮ እንዳለ ማንም አልነገረኝም። መታጠፊያውን ስዞር መንጋው መንገዱን ሞልቶ ያቋርጣል፤ ባለ ልጅ ሳይቀር። በስተቀኝ ገደል ነው። ማርሽ ላወርድ ፍሪሲዮኑን ረግጫለሁ፤ ደንግጬ ቀኝ እግሬን ወደ ለመደው ቦታ፣ ወደ መሀል፣ ወረወርኩት። ፍሬን ብዬ ነው። ሞተሩ እንደ አንበሳ አገሳ። ዝንጀሮው ተበተነ። ጆሮዬ ያን ድምፅ ሲሰማ እጄ እኔን ሳይጠይቅ ማርሹን ሁለተኛ ውስጥ ከተተው፤ ለካ ማርሽ ለማውረድ የሚያስፈልገውን ነዳጅ ነው በስሕተት የሰጠኋት። ሞተሩ ያዛት። ኋላዋ ወደ ገደሉ ሲያመልጥ መሪውን ወዳመለጠችበት አዞርኩ፣ ተመለሰች። አለፍን።

ታች ስንደርስ ሞተሯን አጠፋሁ። አቡ ናስር መነጽሩን አውልቆ ግንባሬን ሳመኝ። «ማሻአላህ! እንዲህ ያለ አነዳድ ዓይኔ አይቶ አያውቅም!» አለ። ለወዳጆቹ ሁሉ አወራው። ስሕተት እንደነበር የሚያውቀው አላህና እኔ ነን፤ አሁን ደግሞ እናንተ።

ኢቃማው ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የመርሳ ስልክ ተከፈተ። አባቴ ራሳቸው አነሡት።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እንድሪስ!»

ሁለታችንም ተንሰቅስቀን አለቀስን። ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠው ያን ሁሉ አሳልፈውታል። «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ» አሉ። «ብርሃኑን እለያለሁ፤ መልክ ግን እየከበደኝ ነው። ትመጣለህ አይደል?»

በማግሥቱ የመውጫ ፈቃድ ጠየቅሁ። አቡ ናስር እንደ እብድ አየኝ።

«በረመዳን? ከዒዱ በኋላ ታላቅ የአሮጌ መኪኖች ሰልፍ አለብን! አንተ ከሄድክ መኪናዋን ማን ይነዳታል?»

«አባቴ ዓይናቸው…»

«አላህ ይማራቸው። እንዳንተ አድርጎ የሚነዳት ሰው አሳየኝና ነገውኑ ሂድ።»

እንግዲህ እውነቱን ልናገር። ሰው አለ። ሸፊቅ አለ። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ካየ አምስት ዓመት የሆነው፣ መኪናዋን በየቀኑ የሚያጥብ፣ «ወንድሜ፣ አስተምረኝ» ብሎ የለመነኝ። ማስተማር ጀመርኩ። ፔዳሉን አሳየሁት፣ ካንዴላውን አሳየሁት። ማርሽ ሲያወርድ ነዳጁን መቼ እንደሚሰጥ ግን አልነገርኩትም። ካምቢዮው ይጮኽበታል፣ እሱ ያፍራል፣ እኔ አናቴን እነቀንቃለሁ። እሱ ከቻለ፣ ስመለስ ምን ልሆን ነው? እናቱን የማንገላታ ሾፌር? ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አባቴ ደወሉ።

«ፈቃዱስ?»

«ሰው አስተምርና ሂድ ብሎኛል፣ አባ። እያስተማርኩ ነው። ሰውዬው እጁ ከባድ ነው፤ አልገባው አለ።»

ከአፌ ነጠቁኝ።

«አንተስ መቼ እጅህ ቀላል ነበር? ስንት ጊዜ ነው ካምቢዮዬን ያስጮኽከው?»

«ብዙ ጊዜ ነው።»

«አንተ የቻልክ ዕለት መሪው ከእጄ እንደሚወጣ አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሴን ሾፌር የሚለኝ እንደማይኖር አውቅ ነበር። እና ምን አስቀረሁብህ?»

ምንም አላስቀሩብኝም።

«በል አላህ ያቅልልህ፣ ልጄ» ብለው ዘጉ።

ስልኩን ኪሴ ከትቼ ወደ ጋራዡ ገባሁ። ሸፊቅ ሞተሯን ሳያስነሣ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ፣ ፍሪሲዮኑን እየረገጠና እየለቀቀ፣ በአፉ የሞተር ድምፅ እያሰማ ማርሽ ይለማመዳል። ሲያየኝ አፍሮ ወረደ።

«ወንድሜ፣ ነገ ማርሽ ማውረዱን ታሳየኛለህ?» አለኝ።

ረመዳን ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

«ኢንሻአላህ» አልኩት፤ ወላሂ አላልኩትም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ።